ከ«ስንት ዓመት» በፊት «ለምን»፦ የወንጀል ቅጣት ዓላማዎችን ማወዳደሪያ

ከሁለት ዓመት በፊት ሜክሲኮ አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬን ተመነተፍኩ። ልጁ ግን ሩቅ አልሄደም። መንገዱን ሳይሻገር ሰዎች ያዙት። እኔ ስደርስ ስልኬ አስፋልት ላይ ወድቆ ስክሪኑ ተሰነጣጥቋል። ልጁ ደግሞ መሀል ገብቶ ይደበደባል። አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «በሕግ አምላክ!» አሉ። የተነሳው እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። ይቺ ቃል ዛሬም ጉልበት እንዳላት ያን ቀን አየሁ።

ፖሊስ እስኪመጣ ክርክር ተነሳ። አንዱ ጎረምሳ «የእጁን ማግኘት አለበት!» አለ። ሌላው «ይሄ ከተለቀቀ ነገ ጓደኞቹም ይመጣሉ፤ መቀጣጫ መሆን አለበት» አለ። ባለሱቁ «እኔ ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ዘብጥያ ይውረድና ሰፈሩ ይረፍ» አለ። ቆሎ የምትሸጥ ሴት «ገና ልጅ እኮ ነው፤ እዚያ ገብቶ የባሰ ሌባ ሆኖ ነው የሚወጣው» አለች። ሽማግሌው ደግሞ ወደ እኔ እያዩ «መጀመሪያ የሰውየውን ስልክ ያሠራ» አሉ።

ቤት ገብቼ ሳስበው፣ አምስቱ ሰዎች የተከራከሩት ስለ ቅጣቱ መጠን አልነበረም። ቅጣት ለምን እንደሚያስፈልግ ነበር የተከራከሩት። ማንም «ዝም ብሎ ይሂድ» አላለም። ግን አምስቱም የጠየቁት የተለያየ ነገር ነው። እኛም የወንጀል ዜና በሰማን ቁጥር መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስንት ዓመት ተፈረደበት?» ብለን ነው። አነሰ እንላለን፣ በዛ እንላለን። ከምን አንጻር እንዳነሰ ግን ብዙ ጊዜ አንናገርም።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ነው። ወገኑ የተበደለበት ሰው፣ ለሽምግልና የተጠራ ሰው፣ በሥራ ቦታም ሆነ በቡና ላይ ስለ ፍርድ የሚከራከር ሰው፣ አንዱን ዓላማ ከሌላው ለይቶ እንዲመዝን ይረዳው ይሆናል።

ሕጋችን ራሱ ምን ይላል?

በ1996 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ገና በአንቀጽ 1 ዓላማውን ይናገራል። መጀመሪያ ወንጀሉንና ቅጣቱን አስቀድሞ በማሳወቅ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ካልበቃ ይቀጣል። ቅጣቱም ሰውየው እንዳይደግም፣ ሌላው እንዲማር፣ ወይም አጥፊው እንዲታረም ነው። ዓላማዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ሲጋጩ የትኛው ይቅደም የሚለውን ግን እዚያ አልወሰነም። ያ ውሳኔ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የተተወ ነው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ለውጥም አለች። የ1923ቱም የ1949ኙም ሕግ ስማቸው «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበር። አዲሱ «የወንጀል ሕግ» ብቻ ሆነ። «መቅጫ» የምትለዋ ቃል ከሽፋኑ ላይ ወጣች። ወህኒ ቤቱም ማረሚያ ቤት ተብሏል። ስም ብቻ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ስም ቃል መግባት ነው ብዬ አምናለሁ። ማረሚያ ብሎ የጠራ መንግሥት «አረማችሁ ወይ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

«የእጁን ያግኝ»

ጎረምሳው ያለው ይህ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ከበቀል ጋር ይምታታል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በቀል ልክ የለውም። የሚለካውም በተበዳዩ ንዴት ነው። «የእጁን ያግኝ» የሚለው ዓላማ የሚለካው በጥፋቱ ነው።

በድሮው ሥርዓታችን ገዳይ ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ ነበር። ወገን ከፈለገ ይገድላል፣ ከፈለገ የደም ዋጋ ይቀበላል። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። መንግሥት ቅጣትን ከተበዳይ እጅ ሲወስድ ትልቅ ነገር አደረገ፤ ለንዴት ድንበር ሠራለት።

ድንበሩ በሕጋችን ውስጥ በደንብ ይታያል። ሰው መግደልን እንውሰድ። የሞተው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። አስቦና ጨክኖ የገደለ በአንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ይፈረድበታል። በተራ የሰው ግድያ አንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ያሳስራል። ከባድ ትንኮሳ ገጥሞት በድንገት የገደለ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። ጉዳቱ አንድ ሆኖ ጥፋቱ ስለተለያየ ቅጣቱ ተለያየ። ይህን ማድረግ የሚችለው «የእጁን ያግኝ» የሚለው ዓላማ ብቻ ነው። ሌሎቹ ዓላማዎች ልክ የሚባል ነገር ከራሳቸው አያወጡም። ማስፈራት ብቻ ከሆነ ግባችን፣ ስልክ የነጠቀውን ዕድሜ ልክ ብናስረው የበለጠ ያስፈራል። ማረም ብቻ ከሆነም እስኪታረም ተብሎ 20 ዓመት ሊቀመጥ ይችላል።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል። ሰው ትልቅ ነገር ቢያጣም በልክ ከሆነ ይቀበለዋል።

ድክመቱስ? ይህ ዓላማ የሚያየው ወደ ኋላ ብቻ ነው። ልጁ የእጁን አግኝቶ ሲወጣ ምን ሆኖ ይወጣል የሚለው አይመለከተውም። የእኔም ስክሪን እንደተሰነጠቀ ይቀራል።

«መቀጣጫ ይሁን»

በአገራችን ክርክር ውስጥ ብዙውን ቦታ የያዘው ይህኛው ነው። «ቅጣቱ ስላነሰ ነው ወንጀል የበዛው» የሚለውን ስንቴ ሰምተናል? ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ልበል።

ሹፌሮችን እንይ። ትራፊክ ፖሊስ አደባባዩ ላይ ቆሞ ሲታይ ሁሉም ቀበቶውን ያስራል። አንድ ኪሎ ሜትር አልፎ ይፈታዋል። ሕጉ በሁለቱም ቦታ ያው ነው። የተለወጠው የመያዝ ዕድሉ ነው። ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ የለኝም።

ቼዛሬ ቤካሪያ የተባለ የሚላኖ ሰው ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1764 ጽፎታል። ሰውን ከወንጀል የሚመልሰው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን ቅጣቱ እንደማይቀር ማወቁ ነው አለ። ፈጥኖ ቢመጣም ጥሩ ነው አለ። በዚያው ዘመን እንግሊዝ ከ200 በላይ በሚሆኑ ወንጀሎች ሰው ትሰቅል ነበር። ኪስ ማውለቅ እስከ 1808 ድረስ በሞት ያስቀጣ ነበር። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች እንደጻፉት ግን ሌባ ሲሰቀል ለማየት በተሰበሰበው ሕዝብ መሀል ኪስ ይወልቅ ነበር። የሞት ቅጣትን በተመለከተ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች መረመረ። የሞት ቅጣት ግድያን ይቀንስ ወይም ይጨምር እንደሆነ ከእነዚያ ጥናቶች ማወቅ አይቻልም ብሎ ደመደመ።

ይህ ማለት ማስፈራት አይሠራም ማለት አይደለም። ይሠራል፤ ግን በሚያሰላ ሰው ላይ ነው። ጉቦ የሚቀበል፣ ግብር የሚሰውር፣ ኮንትሮባንድ የሚያስገባ ሰው ተቀምጦ ያሰላል። «ብያዝ ምን እሆናለሁ? እያዛለሁ ወይ?» ይላል። እንዲህ ላለው ሰው መቀጣጫ ትርጉም አለው። ጠጥቶ ጩቤ የመዘዘ ሰው ግን የአንቀጹን ቁጥር አያስብም። በቅናት የታወረም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ «መቀጣጫ ይሁን» የሚል ሰው ሁለት ነገር ራሱን ይጠይቅ። ይህን ወንጀል የሚሠራ ሰው አስቦበት ነው የሚሠራው? ከሆነስ፣ እዚህ አገር የመያዝ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ከመቶ ነጣቂ ሁለቱ ብቻ የሚያዙ ከሆነ፣ የሁለቱን ቅጣት በእጥፍ ማሳደግ ዘጠና ስምንቱን አያስደነግጥም። ፖሊስ ጣቢያው ቢሠራ፣ የመንገዱ መብራት ቢበራ፣ የተሰረቀ ስልክ የሚገዛው ሰው ቢያዝ ይሻላል።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አንድን ልጅ ለሌሎች ትምህርት ብለን ከጥፋቱ በላይ ስንቀጣው፣ ሰውየውን ለሌላ ሰው ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አደረግነው። ይህ ለእኔ ልክ አይደለም።

«ሰፈሩ ይረፍ»

የባለሱቁን ሐሳብ አልንቅም። እሱ እዚያው ይውላል፣ እዚያው ያመሻል። የታሰረ ሰው ቢያንስ እስኪወጣ ድረስ ሰፈር ውስጥ አይነጥቅም። ይህ ከሁሉም ዓላማ ውጤቱ ቶሎ የሚታይ ነው። ዋጋውም ከሁሉም ውድ ነው፣ ምክንያቱም የሚሠራው ሰውየው ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ሁለት አገሮችን ላወዳድር። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ ሁለት ከባድ ወንጀል ያለበት ሰው ሦስተኛ ጊዜ ከተፈረደበት ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ይታሰራል። ሦስተኛው ቀለል ያለ ወንጀልም ሊሆን ይችል ነበር። ሦስት የጎልፍ ዱላ የሰረቀ ሰው በዚህ ሕግ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2003 አጸናው። በ2012 መራጩ ሕዝብ ራሱ ሕጉን አለዘበው።

ኖርዌይ ሌላ መንገድ ይዛለች። እዚያ በአብዛኞቹ ወንጀሎች ከፍተኛው እስራት 21 ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 77 ሰዎችን የገደለው አንደርስ ብሬይቪክም የተፈረደበት 21 ዓመት ነው። ይህን ሲሰሙ «እንዴት!» ያሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ግን የእሱ እስራት ዓይነቱ ልዩ ነው። ጊዜው ሲያልቅ አደገኛነቱ ካልቀረ ፍርድ ቤት እስከ አምስት አምስት ዓመት እየጨመረ ሊያቆየው ይችላል። ካሊፎርኒያ አደገኛነትን በወንጀል ብዛት ቆጠረች። ኖርዌይ ሰውየውን እየመረመረች ትጠይቃለች። ማግለልን የመረጠ ሰው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ቢያየው ይሻላል እላለሁ። ሰው በ19 ዓመቱና በ45 ዓመቱ አንድ አይደለም።

«ይታረም»

ቆሎ ሻጯ የተናገረችው ልቤ ውስጥ ቀርቷል። «የባሰ ሌባ ሆኖ ይወጣል» ነው ያለችው። ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋትም። ገብተው የወጡ የሰፈር ልጆችን አይታለች።

የወንጀል ሕጋችን መግቢያ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። እስረኛው በእስር ቤት ከሚሰቃይ ይልቅ ሙያ እንዲማር፣ ቀለም እንዲቆጥር፣ ሲወጣም እንዲጠቅመው ይፈልጋል። አመክሮም የመጣው ከዚሁ ሐሳብ ነው። ጠባዩን ያሳመረ እስረኛ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ሲሞላው፣ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን ብዙ ሰው አያውቃትም። የቻለውን ያህል ተበዳዩን መካስ አለበት። ማረምና መካስ እዚህ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

ለልጆች ሲሆን ሕጉ ይህን ዓላማ ከሁሉም ያስቀድማል። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ልዩ እርምጃ እንጂ የአዋቂ ቅጣት አይሰጠውም። ይህን የሚቃወም ሰው እምብዛም አልገጠመኝም። ልጅ እንደሚለወጥ ሁላችንም ስለምናምን ነው። ጥያቄው እምነታችን የሚያልቀው በስንት ዓመት ነው የሚል ነው።

የዚህ ዓላማ ድክመት በሐሳቡ ላይ ሳይሆን በአፈጻጸሙ ላይ ነው። መሣሪያ ከሌለ ሙያ የለም። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ነጣቂው ከዘራፊ ጎን ይተኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የነበረውን «ዓለም በቃኝ» እስር ቤት አስቡት። ስሙን ያወጣለት ሰው ስለ መታረም አላሰበም። ዛሬ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። ግንቡ ፈርሶ ስሙ አልጠፋም። «ይታረም» ብሎ የሚመርጥ ሰው ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ አብሮ መጠየቅ አለበት። ካልሆነ የመረጠው ቃሉን ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ያሠራ»

ሽማግሌው ያሉት ከሁሉም በላይ የእኛ የሆነ መንገድ ነው። ኦሮሞው ጉማ የሚባል የደም እርቅ ሥርዓት አለው። ወሎ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች አሉት። በየአካባቢው ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች አሉ። እነዚህ ሥርዓቶች የሚያዩት ገዳዩንና ሟቹን ብቻ አይደለም። ነገ በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሁለት ቤተሰቦችን ያያሉ። ገዳዩ 15 ዓመት ቢታሰርም ወንድሙና የሟች ወንድም ውጭ ናቸው። ካልታረቁ ሌላ ሰው ይሞታል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚባለው እውነት ነው፤ ቂም ባለበት ምንም ነገር ደህና አይሆንም።

ሌላም ጥንካሬ አለው። ፍርድ ቤት ውስጥ ተበዳይ ብዙ ጊዜ ምስክር ብቻ ነው። መስክሮ ይወጣል። እንዴት እንዳደረ፣ ምን እንዳጣ የሚጠይቀው የለም። በሽምግልና ግን መሀል ላይ ይቀመጣል። አጥፊው ዓይኑን እያየ «በድያለሁ» ይለዋል። ይህን ማንም ዳኛ ሊሰጠው አይችልም።

ነገር ግን በጣም መጠንቀቅ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። እርቅ የሚያምረው ሁለቱም ወገን እኩል ሲቆም ነው። የተደፈረች ልጅ አባት ከደፋሪው አባት ጋር ተቀምጦ በካሳ ሲስማማ የታረቁት አባቶቹ ናቸው። ልጅቷን ማን ጠየቃት? ደሀ ተበዳይ ባለጠጋ በዳይ ሲልክበት፣ ሽማግሌው ሁሉ «እሺ በል» ሲለው፣ ያ እርቅ ሁለተኛ በደል ነው። ስለዚህ ይህን ዓላማ ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተበዳዩ እምቢ ማለት ይችላል ወይ?» ነው። ካልቻለ ሽምግልናው ይቁም።

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ እልቂት በኋላ ጋቻቻ ወደሚባለው የመንደር ችሎት የሄደችው መደበኛ ፍርድ ቤቶቿ ስላልቻሉ ነው። ወደ 12 ሺህ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ችሎቶች ተቋቁመው እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 1.9 ሚሊዮን ያህል ጉዳይ አዩ። ያመነና ይቅርታ የጠየቀ ቅጣቱ ይቀልለታል፤ ከፊሉንም በማኅበረሰብ ሥራ ይጨርሰዋል። ብዙ ሰው የዘመዱን አፅም ያገኘው በዚያ ኑዛዜ ነው። መከላከያ ጠበቃ አለመኖሩ ደግሞ ብዙ አስተችቶታል። ሁለቱንም ይዞ ማየት ይገባል።

ያን ቀን ማንም ያላነሳው ስድስተኛው

ቅጣት አንዳንዴ የሚናገር ነገር ነው። አንድ ማኅበረሰብ «ይህ ነውር ነው» የሚልበት አፍ ነው።

ለዚህ የጠለፋ ሕጋችንን የሚያህል ምሳሌ የለም። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባ ክስ አይቀርብበትም ነበር። ሕጉ በተዘዋዋሪ «ካገባሃት ምንም አላጠፋህም» ይል ነበር። አዲሱ ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አደረገው። ከጠለፋው በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከቅጣት እንደማያድን በግልጽ ጻፈ። በነጋታው ጠለፋ አልቆመም። ግን እናት ለልጇ «ሕግ ከአንቺ ጋር ነው» ማለት ቻለች። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲህ ባለ ወንጀል ላይ ቅጣቱን በእርቅ መተካት ያንን ቃል መልሶ መዋጥ ነው።

እንግዲህ እንዴት እንምረጥ?

እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ጣሪያውን እሠራለሁ፦ ለዚህ ጥፋት ከፍ ቢል ስንት ይገባዋል? ከዚያ በላይ ለማስፈራትም፣ ለማግለልም፣ ለማረምም ብዬ አልሄድም። ከጣሪያው በታች ስሆን ተበዳዩን አያለሁ። ምን አጣ? ምን ሊመለስለት ይችላል? ከዚያ አጥፊውን፦ አስልቶ ነው ወይስ ተሳስቶ? ሊለወጥ ይችላል? ነገ አደገኛ ነው? መልሱ ዓላማውን ይመርጥልኛል።

በፍጥነት ነድቶ ሰው የገደለ ሹፌር እንውሰድ። አንቀጽ 543 የመንገድ ደንብ እያወቀ ጥሶ ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት ይቀጣል። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ጥፋቱም ቀላል አይደለም። ግን ይህ ሰው ለመግደል አልወጣም፤ ማግለል ብዙ አያስፈልገውም። ሌሎች ሹፌሮችን የሚመልሳቸው የእሱ 15ኛ ዓመት ሳይሆን መንገድ ላይ ያለው ቁጥጥር ነው። ልጆቿን ትታ ለሞተችው እናት ቤተሰብ ግን ካሳ የዕለት እንጀራ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አለ፤ በቂ ነው የሚል ሰው አላየሁም። ስለዚህ እዚህ ካሳውን አስቀድማለሁ፣ መንጃ ፈቃዱን አስነጥቀዋለሁ፣ እስራቱን ከጣሪያው ዝቅ አደርገዋለሁ። ጉቦኛ ባለሥልጣን ቢሆን ግን እገለብጠዋለሁ። እሱ ያሰላል። የበላውን ይመልስ፣ መቀጣጫም ይሁን።

ከሁሉም የሚከብደው የጅምላ ወንጀል ነው። የደርግ ባለሥልጣናት ክስ በ1987 ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔው የመጣው በታኅሣሥ 1999 ነው። 12 ዓመት ፈጀ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ከፍ አደረገው። በ2003 ደግሞ በእስር ላይ የነበሩ 23 ባለሥልጣናት የሞት ቅጣት በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። የሃይማኖት አባቶች ለምነውላቸው ነበር። ከዚያ ብዙዎቹ 20 ዓመት ስለሞላቸው በአመክሮ ወጡ። አንዳንድ ቤተሰብ ይህን ይቅርታ ብሎ ተቀበለው። አንዳንዱ ዛሬም ያመዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው ብል አላፍርም፤ የፈለጉት ዓላማ የተለያየ ነበርና።

ይህን የማነሳው ጥያቄው ዛሬም ፊታችን ስላለ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ክስ፣ እውነትን ማፈላለግ፣ ካሳ፣ እርቅ፣ ምሕረት ሁሉም ተነስተዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም አይታለፍም ይላል። ስለዚህ ጣሪያ ብቻ ሳይሆን ወለልም አለን። በሁለቱ መሀል ግን እኔ እውነቱን አስቀድማለሁ። ልጇ የት እንደወደቀ የማታውቅ እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው የእስር ዓመት አይደለም። የት እንደተቀበረ ነው።

ስለ ስልኬ ልጁ ደግሞ። በማግሥቱ እናቱ ከዕድራቸው ሽማግሌ ጋር ፖሊስ ጣቢያ መጡ። «ልጄ፣ በእናትህ ይዤሃለሁ» አሉኝ። ፖሊሱ ስርቆት በእርቅ ብቻ የሚዘጋ ክስ እንዳልሆነ ነገራቸው። እኔም ክሱ ይቅር አላልኩም። የጠየቅኩት ስክሪኑን ልጁ ራሱ እንዲያሠራ፣ ገንዘቡንም በእናቱ ሳይሆን በእጁ እንዲያመጣ ነው። ከዚህ በፊት ተከሶ አያውቅም ነበር። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎት፣ መካሱንና ዕድሜውን ቆጥሮ፣ ቅጣቱን በገደብ አደረገለት። 4 ሺህ ብሩን በሦስት ጊዜ አመጣ። ሁለተኛው ሳምንት ዘገየና «በቃ ቀረ» ብዬ ነበር። መጣ። መኪና እጥበት ቤት ሥራ ጀምሮ ደሞዝ ስላልደረሰለት ነበር የዘገየው። ልብሱ እርጥብ ነበር። ግባና ሻይ ጠጣ አልኩት። አልገባም፤ ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝና ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ።